ከነኮቱ ኮቱ

ድሬ ውስጥ ድምፄን የማያውቅ አልነበረም። ፊቴን ግን ማንም አያውቀውም።

ታይዋን ገበያ የገባ ሰው ሁሉ ሳይወድ በግዱ ሰምቶኛል። እዚያ እያንዳንዱ ሱቅ በሩ ላይ ድምፅ ማጉያ ይሰቅላል፤ ድምፅ ማጉያውም ከጠዋት እስከ ማታ ያንኑ ነገር ሲለፈልፍ ይውላል። የሌሎቹ ጩኸት ነው። የእኔ ግን ቤት ይመታል።

«ግቡ እንጂ ግቡ፣ ፀሐይ ላይ አትቁሙ፤
ባትገዙም ጥላው ነፃ ነው፣ በከንቱ አትድከሙ!
ና! ኮቱ! ካላይ!»

ሦስቱም «ና» ነው፤ በአማርኛ፣ በኦሮምኛ፣ በሶማልኛ። ድሬ ላይ ሰው በአንዱ ባይሰማህ በሌላው ይመጣል።

መጀመሪያ የቀዳሁት ለእናቴ ለፋዱማ ሱቅ ነበር። ሰፊውን የሴቶች ቀሚስ፣ ድሪያን፣ ከሻሽ ጋር ትሸጣለች። ሳምንት ሳይሞላ ጎረቤታችን ካልሲ ሻጩ «ለእኔም» አለ፤ ከዚያ ባለ ጫማው፣ ከዚያ ባለ ሞባይሉ። በአስራ አንድ ሱቅ በር ላይ አስራ አንድ ዓይነት ግጥም እጮህ ነበር። እኔ ራሴ ግን ከእናቴ ሱቅ ጓዳ፣ የጨርቅ ጥቅል ላይ ተቀምጬ የሰው የትምህርት መጽሐፍ አነባለሁ።

ስሜ ዳሃቦ ነው። በሶማልኛ ወርቅ ማለት ነው፤ እናቴ ዋጋዬን አውቃ ነው ያወጣችልኝ። ከአስረኛ ክፍል ወጥቻለሁ። አባቴ በሞተ ዓመት ሱቁ ሁለተኛ እጅ ፈለገ፤ ያቺ እጅ እኔ ሆንኩ። ግጥም ያስተማረኝ የለም። ዕቃ ከሚጠቀለልበት ጋዜጣ፣ ከሽማግሌዎች ጨዋታ፣ ከባጃጅ ጀርባ ጽሑፍ ለቃቅሜ ራሴን በራሴ አስተማርኩ። ለዚህ ነው ሰው «ማን አስተማራት?» ሲል የሚያመኝ። ሁሉን ነገር የግድ ሰው ያስተምራል እንዴ?

አንድ ቀን ከሳቢያን ሰፈር ስመለስ፣ የተሳፈርኩበት ባጃጅ ውስጥ ራሴን ሰማሁት።

መጀመሪያ ኡድ ነበር። ጣቶች ክሩን ነካ ያደርጉና ይተዉታል፤ የሆነ ነገር ሊናገሩ ፈልገው እንደሚያፍሩ። ከዚያ የሴት ድምፅ መጣ፤ «ግቡ እንጂ ግቡ…»። ያው የሱቅ ግጥሜ! ግን ዝግ ብሎ፣ ተጎትቶ። የምትጠራው ገዢ ሳይሆን የሄደባትን ሰው ይመስላል።

«ዋሪያ፣ ይሄን ከየት አመጣኸው?» አልኩት ሾፌሩን። ዐብዲወሊ ይባላል፤ የሰፈራችን ልጅ ነው።

«ዝም ብለሽ ስሚው አቦ! ሳቢያን ሙሉ የሚሰማው ይሄንን ነው። ልጅቷን የሚያውቃት የለም። የጅቡቲ ናት የሚልም አለ።»

«ልጅቷ ከኋላህ ተቀምጣለች።»

ባጃጁ ደቻቱ ድልድይ ላይ ቀጥ አለ። ከኋላችን የነበረው መኪና ክላክሱን ለቀቀው።

«ወላሂ በይ!»

«ወላሂ። አሁን ማን እንደሰጠህ ተናገር፤ አለዚያ በዚሁ ድምፅ ነው የምሰድብህ።»

«ድምፅ ማጉያ ጠጋኙ ነዋ! ታይዋን መግቢያ ላይ ያለው፣ ሚክዳድ። አዲስ አበባ ያደገው።»

የሚክዳድ ሱቅ ቁም ሳጥን ቢያክል ነው። ሆዳቸው የተዘረገፈ ድምፅ ማጉያዎች እስከ ጣራው ተደርድረዋል። መሐላቸው አንድ ቀጭን ረጅም ልጅ፣ የሚያጨስ መበየጃ ይዞ አቀርቅሯል። ከራሱ በላይ ሚስማር ላይ ኡድ ተሰቅሏል።

«ድምፄን የሰረቅከው አንተ ነህ?»

ቀና አለ። መበየጃውን ማስቀመጥ ረስቶ ተነሳ።

«ይቅርታ… እርስዎ ነዎት እንዴ?»

ዞር ብዬ ከኋላዬ ማን እንዳለ አየሁ። ማንም የለም።

«ስንት ሆኜ ታየሁህ? እኔ እኮ አንድ ሰው ነኝ።»

ለማያውቅ ሰው ልንገር። «እርስዎ» የሚባል ነገር እኛ ጋ የለም። አባትህም አንተ ነው፣ ሼኹም አንተ ነው፣ ከላይ የተላከ ሹምም አንተ ነው። ንቀት የሚመስለው ከሌላ አገር የመጣ ሰው ነው። አንተ ያልንህ ዕለት ቤት ገብተሃል ማለት ነው። ሚክዳድ ሳቢያን ይወለድ እንጂ፣ ከሰባት ዓመቱ ጀምሮ ያደገው አዲስ አበባ አጎቱ ቤት ነው። አጎቱ ጨዋ ሰው ነው፤ በዚያ ቤት ታላቁን «አንተ» ያለ ልጅ የዚያን ቀን ምሳ የለውም። ከሁለት ዓመት በፊት ወደ ድሬ ሲመለስ ኡዱንም «እርስዎ»ንም ይዞ መጣ። ገበያው ይስቅበታል፤ እሱ ግን ሊተወው አልቻለም።

«ሌባ ነህ» አልኩት።

«አዎ» አለ።

ሲክድ ላወርድበት ያዘጋጀሁት ስድብ ሁሉ አፌ ውስጥ ቀረ። «ምን ‹አዎ› ትላለህ? ተከራከረኝ እንጂ!»

«ምን ብዬ ልከራከርዎት? ጠዋት ማታ እሰማዎታለሁ። ‹አትቁሙ› ካሉ በኋላ፣ ‹ባትገዙም› ከማለትዎ በፊት፣ አንዲት ትንፋሽ አለች። ሌሎቹ ባለ ሱቆች ከየግጥማቸው እንዲህ ያለችውን ጊዜ እንዳታባክን ብለው ይቆርጧታል። በእናትዎ ሱቅ በር ላይ ብቻ ነው ያለችው። የሰረቅኩት ያቺን ትንፋሽ ነው። ግጥሙ አብሮ መጣ።»

ስለ ድምፄ ብዙ ተብሏል፤ ያደነቁራል፣ ያሻሽጣል፣ ሞተር አለው። ዝም የምልበትን የሰማ ሰው ግን ይሄ የመጀመሪያው ነበር።

«ካሳ ትከፍላለህ» አልኩ፣ ድምፄ እንዳይለሰልስ እየታገልኩ።

«ይዘዙኝ።»

«አንድ ግጥም አለኝ። ካልሲ የለበትም። ትቀዳኛለህ።»

ፈገግ አለ። አሁንም መበየጃውን አላስቀመጠም፤ የሸሚዙ እጅጌ መጨስ ጀምሮ ነበር።

ምሳ ሲያልፍ ድሬ ይተኛል። ሱቆች መዝጊያቸውን ያወርዳሉ፣ ሰው ጫቱን ይዞ ለበርጫ ጥላ ይገባል፣ ድምፅ ማጉያዎቹ ሳይቀሩ ዝም ይላሉ። የእኛ ሰዓት ያ ነበር፤ ከስምንት እስከ አስር። በሩን ገርበብ አድርገን እንተወዋለን፤ ገበያ ተኝቶም ዓይኑን አይከድንም። ማራገቢያው ቀረጻ ስለሚያበላሽ እናጠፋዋለን። ላባችን ወለሉ ላይ ጠብ ሲል ይሰማል።

«ቶሎ ቶሎ አትምታው! ደንበኛዬን እያባረርክብኝ ነው!» እለዋለሁ።

«እርስዎ ደግሞ ቃሉ ሳይበስል አያውጡት» ይለኛል።

«እርስዎ አትበለኝ ብዬሃለሁ።»

«እሺ፣ አልልዎትም።»

ግጥሞቹ ከባጃጅ ወደ ባጃጅ ተሻገሩ። ካሴት ያዞር እንደነበረ ያለፈ ዘመን ሰው፣ ዐብዲወሊ ለተሳፋሪው ሁሉ በስልክ ይልካል። መጀመሪያ ሠርግ ላይ ተጠራን፤ ሙሽራዋ አለቀሰች፣ እናቷም ተከተለች፣ ሰርገኛው «ዛሬ ለቅሶ ነው እንዴ?» አለ። ከዚያ የወጣት ማዕከል፣ ከዚያ ትምህርት ቤት፣ ከዚያ ሐረር። ለመጀመሪያ ጊዜ ስሜን ወረቀት ላይ ተጽፎ ያየሁት ሐረር ግድግዳ ላይ ነው። «ገጣሚት» ይላል። ወረቀቱን ገንጥዬ ቤት ወሰድኩት። አሁንም አለ።

ጅግጅጋ ላይ ግን፣ የአንድ የግጥም ውድድር ሁለተኛ ዙር ላይ፣ ግጥሜ መሐል ላይ ሳለሁ መብራት ጠፋ። ማይኩ ሞተ። አራት መቶ ሰው አዳራሹ ውስጥ ይንጫጫል። ከእኔ በፊት የነበረው ገጣሚ እንዲህ ሲገጥመው ወርዶ ነበር። እኔ ማይክ ያሳደገኝ ሰው አይደለሁም፤ ገበያ ነው ያሳደገኝ። ቀጠልኩ። ከመጨረሻው ወንበር አንድ ሽማግሌ «ይሰማል!» ብሎ ሲጮህ ሰማሁ። ሚክዳድም ኡዱን ይዞ ወደ እኔ ተጠጋ፣ ክሩን ቆርቆሮ ላይ እንደሚወርድ ዝናብ መታው፤ አብረን ጨረስነው። ሰው ቆሞ አጨበጨበ።

ከመድረክ ስንወርድ ውሃ ሰጠኝ።

«ጠጪ። ደክሞሻል።»

ውሃውን ከአፌ መለስኩት። «ምን አልክ?»

«ምንም አላልኩም።»

«ጠጪ አልከኝ።»

ቀና ብሎ አየኝ፤ ወዲያው ዓይኑን ወደ ኡዱ መለሰ። ፊቱ ላይ ያለው ሙቀት እኔ ጋ ደረሰ።

«አምልጦኝ ነው።»

«መልሰህ እንዳትይዘው» አልኩት።

ሌላዋን ሴት «እወድሻለሁ» ይሏታል፣ አበባ ያመጡላታል። እኔን «ጠጪ» አሉኝ፤ እሱው በቃኝ።

ወሬው እናቴ ጆሮ ለመድረስ ሁለት ቀን አልፈጀበትም። እንኳን ይሄ፣ ያልተወራም ይደርሳታል።

«ልጄን በኡድ የሚያዞራት ማነው? ይምጣና ሻሂ ይጠጣ። ሆዮ፣ ጥሪው።»

የቤታችን ነገር ነው። በሶማልኛ «ሆዮ» እናት ማለት ነው፤ ግን እናትም ልጇን ሆዮ ብላ ትጠራለች። ስትቆጣም፣ ስታቆላምጥም። ባዳን ግን ሆዮ አትለውም። ከሆዷ የወጣውን ብቻ።

ሚክዳድ አርብ፣ ከጁምዓ በኋላ መጣ። በዚያ ሙቀት ኮት ለብሷል! ጥቁር፣ ወፍራም፣ አጎቱ የተሞሸረበት ኮት። በአንድ እጁ ሙሸበክ፣ በዘይት የተጠበሰውን ጣፋጭ፣ በካርቶን ይዟል፤ ዘይቱ ካርቶኑን አልፎ እጅጌው ላይ ወርዷል። ግንባሩ እንደ በረዶ ይቀልጣል።

«አሰላሙ አለይኩም። እንደምን ዋሉ፣ እትዬ ፋዱማ? እርስዎን ለማየት ብዙ ጊዜ ስመኝ ነበር። ዳሃቦ ስለ እርስዎ አውርታ አትጠግብም። እርስዎ…»

በእያንዳንዷ «እርስዎ» የእናቴ ፊት ላይ አንድ መዝጊያ ወረደ፤ ልክ እንደ ምሳ ሰዓት ሱቅ። ሻሂ ቀዳችለት፣ ሙሸበኩን አመሰገነች፣ የጠየቃትን በአጭሩ መለሰች። እሱ የተሳካለት መስሎት ደስ ብሎታል። ሊወጣ ሲል ጎንበስ ብሎ፣ «አይነሱ፣ እርስዎ ይቀመጡ» አላት።

አልተነሳችም። ልትነሳም አላሰበችም።

«ኮቱን እንኳ ሳያወልቅ ሄደ» አለች በሩ ሲዘጋ። «ቤቴ ተቀምጦ እኔን በር ላይ አቆመኝ።»

«ሆዮ፣ አክብሮሽ እኮ ነው።»

«ይሄን ቃል አውቀዋለሁ።» የሻሂውን ብርጭቆ ያለ ምክንያት አዞረችው። «አባትሽ የሞተ ቀን አንድ ሰው መጣ። አይቼው አላውቅም። ‹እርስዎ ወይዘሮ ፋዱማ ነዎት?› አለኝ። ሌላውን ሳይነግረኝ አወቅኩ። እኛን እርስዎ የሚል ሰው ወይ ወረቀት ይዟል፣ ወይ ሬሳ።»

ብርጭቆውን ከእጇ ተቀብዬ አስቀመጥኩት።

«መድረክሽን አልከለክልሽም» አለች። «ድምፅሽን የሰጠሽ አላህ ነው። እዚህ ቤት ልጅ ሆኖ የሚገባ ግን እኔን አንቺ ማለት የሚችል ነው። አለቀ።»

በማግስቱ ለሚክዳድ ነገርኩት።

«ቀላል ነው። አንቺ በላት፣ ያልቃል።»

ኡዱን እያጠበቀ ነበር፤ እጁ ቆመ። «ለአንቺ ነው የሚቀልልሽ። እናቴን የቀበርኩት በሰባት ዓመቴ ነው፣ ዳሃቦ። ከዚያ ወዲህ የእናት ዕድሜ ያላትን ሴት ሁሉ እርስዎ ብዬ ነው ያደግኩት። የቀረኝ እናት ማክበሪያ እሱ ብቻ ነው። አውልቄ የምሰቅለው ኮት አይደለም፤ ቆዳዬ ነው።»

እዚያ ላይ ዝም ማለት ነበረብኝ። ግን ምላሴ የእኔ አይደለም፣ የገበያው ነው።

«በድሬ ሙቀት ኮቱን ቆዳ ያደረገ አንተን ብቻ አየሁ!»

«እናትሽስ አንዲት ቃል መቻል አቃታት?»

እናቴን ባይነካ ኖሮ። ተነሳሁ።

«ሥራችን አልቋል። እርስዎም ደህና ይሁኑ።»

ከአፌ ሲወጣ ሰማሁት። ሁለት ዓመት ድሬ የኖረ ሰው ይሄ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ጣቱ ክሩ ላይ እንዳለ ቀረ፣ ክሩም ቀስ ብሎ እስኪሞት ድረስ ነዘረ።

የውድድሩ መጨረሻ ሦስት ሳምንት ቀርቶት ነበር። «የምሥራቅ ቃል» ይባላል፤ ያሸነፈ አልበም ይቀዳል፣ ሰባት ከተማ ይዞራል። ሁለቱን ዙር ከእሱ ኡድ ጋር አልፌያለሁ። የመጨረሻው ድሬ ላይ ነው፣ ከዚራ ሰፈር፣ ከዛፎቹ ስር። ብቻዬን ልወጣ ነው።

አዲስ የጻፍኩትን ግጥም ለውድድሩ አዘጋጅ አነበብኩለት። ከአዲስ አበባ የመጣ፣ ሸሚዙ ያልተጨማደደ ሰው ነው።

«ግሩም ነው» አለ። «ግን ‹ሹሙም አንተ ነው› የሚለው… ከፊት ወንበር እንግዶች ይኖራሉ። እሱን ‹እርስዎ› ብታደርጊው? ደግሞ ኦሮምኛ ሶማልኛ ሳይቀላቀልበት፣ የጠራ አማርኛ ቢሆን ነው የሚያሸንፈው።»

«ድሬ ውስጥ የጠራ ነገር ዘይት ብቻ ነው» አልኩት።

ሳቀ። «አስቢበት» አለ፤ ሳቁ ግን ትእዛዝ ነበረው።

አሰብኩበት። ልዋሽ? ለአንድ ቀን ያህል እርሳስ ይዤ «አንተ»ዎቹን ስሰርዝ ዋልኩ። አልበም ነዋ! ሰባት ከተማ ነዋ! ከሰረዝኩ በኋላ ጮክ ብዬ አነበብኩት። ፍርድ ቤት የቆምኩ መሰለኝ። መልሼ ጻፍኩት።

በዚያው ሰሞን ዐብዲወሊ ባጃጁን ሱቃችን በር ላይ አቁሞ ዘሎ ወረደ።

«ልጁ አብዷል።»

«የትኛው ልጅ?»

«አታውቂውም እንዴ አቦ! ጠዋት ጠዋት ቀፊራ ገበያ ይሄዳል። ቲማቲም የምትሸጥ አሮጊት ፈልጎ ፊቷ ይቆማል። ‹አንቺ፣ እንዴት ነሽ?› ይላል። ከዚያ ይሮጣል። ትላንት አንዷን ‹አንቺ ደህና ነሽ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ› አላት። ሴትዮዋ ታሟል ብላ ሎሚ ሰጠችው።»

ሆዴን ይዤ ሳቅኩ። ሳቄ መሐል ላይ ሌላ ነገር ሆነ፤ ዐብዲወሊ አይቶ እንዳላየ ወደ ባጃጁ ተመለሰ። እናቴ ከውስጥ ድሪያ ታጣጥፋለች። ሁሉንም ሰምታለች። ያንኑ ድሪያ ሦስት ጊዜ አጣጠፈችው።

ቅዳሜ፣ አስራ አንድ ሰዓት፣ ፀሐይዋ ስትለዝብ ከዚራ በሰው ሞላ። እናቴ ሱቋን ዘግታ ፊት ወንበር ላይ ተቀምጣለች። ቅዳሜ ቀን ሱቅ ስትዘጋ ዕድሜ ልኬን አላየሁም። አዲስ ድሪያዋን ለብሳለች፤ ለዒድ ያስቀመጠችውን።

መድረክ ላይ ስወጣ ማይኩ ጮኸ፤ ከድምፅ መቆጣጠሪያው ጠረጴዛ አንድ እጅ ተዘርግቶ አስተካከለው። እጁን አወቅኩት። ለከተማው ድምፅ ማጉያ ሁሉ የሚጠራው እሱ አይደል? ያንን ጥቁር ኮት ለብሷል። ተያየን። ጭንቅላቱን ዝቅ አደረገ፤ ሰላምታ ይሁን ይቅርታ አልለየሁም። ኡዱ ጠረጴዛው ስር ነበር።

ጀመርኩ።

«እኔ ባደግኩበት ከተማ፣
ማዕረግ በር ላይ ይወልቃል፣ እንደ ጫማ።
ሹሙም አንተ ነው፣ ባጃጅ ነጂውም አንተ፤
ማዕረጉን ቆጥሮ የመጣ፣ ስሙን ብቻ ይዞ ከእኛ ጋር ከተተ።
ፀሐይዋ ሰው አትመርጥ፣ ሁሉን እኩል ትጠብሳለች፤
ድሬ ግን ካላት ጥላ ‹ና አንተ፣ ነይ አንቺ› ትላለች።»

ሰው ተንጫጫ። ከመጋረጃው ጎን አዘጋጁ ግንባሩን ያዘ። ከፊት ወንበር አንድ ሹም ግን ከሁሉ አብልጦ እየሳቀ ነበር።

«እርስዎ የሚሉት ቃል ረጅም ኮሪደር ነው፤
ጫፉ ላይ ጠረጴዛ፣ ከጠረጴዛው ኋላ ፊቱ የማይታይ ሰው።
አንተ ግን አጭር ነው፤ አንድ እርምጃ፣ አንድ በር፤
እንግዳው አንኳኩቶ ሳይጨርስ ‹ግባ!› የሚባልበት አገር።»

ተነፈስኩ።

በዚያች ትንፋሽ ውስጥ ኡድ ገባ።

ከድምፅ ማጉያው አይደለም። ከጠረጴዛው ጀርባ፣ በባዶው፣ ያለ ማይክ። ሚክዳድ ቆሞ ይመታል። የሰረቃትን ትንፋሽ በሰው ሁሉ ፊት መለሰልኝ። ግጥሜ ገና ስምንት መስመር ይቀረው ነበር፤ ተውኩት። ገበያ ላይ ደንበኛ ስታይ ጥሪህን ትቀይራለህ። ዓይኔን እሱ ላይ አድርጌ፣ ያልጻፍኩትን አልኩ፤

«በዚህ ሙቀት መሐል፣ ኮት የለበሰ ሰው አየሁ፤
‹አውልቅ!› ስለው ‹ቆዳዬ ነው› አለኝ፤ ሳቅሁ፣ ኋላ አፈርሁ።
ቆዳውን በር ላይ ጥሎ ማን ቤት ይመጣል?
ሰው ከነኮቱ ነው፤ ‹ኮቱ!› በሉትና ይገባል።»

ሰው ገባው። በአማርኛ ኮቱ ልብሱ ነው፣ በኦሮምኛ ኮቱ «ና» ነው። ድሬ ደግሞ ሁለቱንም ትሰማለች። መጀመሪያ የጮኸው ዐብዲወሊ ነበር፤ «ኮቱ!» ከዚያ የኋላው፣ ከዚያ መሐሉ፣ ከዚያ ከዚራ በሙሉ። «ኮቱ! ኮቱ! ኮቱ!» ዛፎቹ ላይ የሰፈሩት ወፎች በሙሉ ተነሱ። ሚክዳድ ኡዱን ደረቱ ላይ ይዞ፣ በሰው እጅ እየተገፋ መድረክ ላይ ወጣ።

ማሸነፋችንን ልናገር? አዘጋጁ ራሱ ማይኩን ያዘ። ወረቀቱን አየ፣ እኔን አየኝ፣ ሕዝቡን አየ። «አሸናፊዋ…» አለና ወረቀቱን ኪሱ ከተተው። «ዳሃቦ፣ አንቺ ነሽ!»

ድሬ ጮኸች። እኔ ግን ወደ አዘጋጁ አልነበረም የማየው። ሚክዳድ ኡዱን ትቶ ከመድረኩ እየወረደ ነበር፤ በቀጥታ ወደ ፊት ወንበር። እናቴ ፊት ቆመ። ኮቱን አወለቀ። ሸሚዙ ጀርባው ላይ ተጣብቋል።

«ፋዱማ» አለ።

እናቴ ቀና አለች።

«አንቺ…» ኮቱን ጨበጠው። «አንቺ… ደህና ነሽ?»

ይቅርታ ያድርጉልኝ አላለም። አልሮጠም። እዚያው ጠበቃት፤ ቀብር ላይ እንደቆመ የሰባት ዓመት ልጅ። እናቴ ረጅም ጊዜ አየችው። ከድሪያዋ ስር መሐረብ አወጣች።

«እኔ ደህና ነኝ። አንተ ግን በላብ አለቅክ» አለችው። ኮቱን ከእጁ ተቀብላ አጣጠፈችው፤ አንድ ጊዜ ብቻ፣ በደንብ። ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። ከጎኗ ያለውን ወንበር መታ መታ አደረገች።

«ና ቁጭ በል፣ ሆዮ።»

አልበሙ ወጣ፤ ሰባቱንም ከተማ ዞርን፣ ስምንተኛው ጅቡቲ ሆነ። ኒካሃችን ሳቢያን ነበር። የሚክዳድ አጎት ከአዲስ አበባ መጣ፤ ወፍራም ኮት ለብሶ፣ ግንባሩ እየቀለጠ። «እንኳን ደስ ያለዎት» ብሎ ለእናቴ ጎንበስ አለ። ትንፋሼን ያዝኩ።

እናቴ ከላይ እስከ ታች አየችው።

«አንተ» አለችው። «ኮትህን አምጣ። ሙቀት ይገድልሃል።»

በስልሳ ዓመቱ ማንም አንተ ብሎት የሚያውቅ አይመስለኝም። ሚክዳድን አየው። ሚክዳድ ጣራውን አየ። አጎቱ ቀስ ብሎ ኮቱን አወለቀና ሰጣት፤ ከዚያ ዕድሜ ልኩን ሲጠብቀው እንደኖረ ተነፈሰ።